ጉማና የድርጅቶች ስም

በወለጋ፣ ከነቀምት እስከ ደምቢ ዶሎ ባለው አገር፣ ሰው ሲገደል የገዳዩ ወገን ሊያደርገው የሚገባው በልማድ የታወቀ ነው። የገዳዩ ወገን ሽማግሌ ይልካል፤ ጥፋቱን ያምናል፤ ጉማውንም በጋራ ያዋጣል። እጁ ከደም ንጹሕ የሆነው ዘመድ እንኳ ከመዋጮው አይቀርም። የጎሣው ስም የሚነጻው በመራቅ ሳይሆን ወደ ሟች ቤተሰብ በመቅረብ ነው።

በዚሁ አገር የሚንቀሳቀሱት የለውጥ ድርጅቶች ግን ስማቸውን የሚጠብቁት በተቃራኒው መንገድ ነው። የኦሮሞ ነጻነት ግንባር በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከመንግሥት ጋር ተስማማ፤ ከዚያም በሰላም ለመታገል ወደ አገር ገባ። በወለጋ የነበረው ጦር ግን ትጥቁን ሳይፈታ በ2011 ዓ.ም. ከግንባሩ ተለየ፤ ግንባሩም ከጦሩ ሥራ ራሱን አገለለ። ጥቅምት 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በጉሊሶ ወረዳ፣ ጋዋ ቃንቃ በተባለች መንደር፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናል እንደ ዘገበው ቢያንስ 54 ሰዎች ተገደሉ። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ በጊምቢ ወረዳ በቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። በሁለቱም ስፍራ የሞቱት በአብዛኛው አማሮች ነበሩ። መንግሥት ጦሩን ከሰሰ፤ ጦሩም የቶሌውን ግድያ ክዶ ክሱን ወደ መንግሥት ታጣቂዎች መለሰው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአሸባሪነት የሰየመው «ሸኔ»ን ነው፤ በዚህ ስም ራሱን የሚጠራ ድርጅት ግን የለም። ባለቤት በሌለው ስም ላይ የተጻፈ ዕዳ ከፋይ አያገኝም።

በአንጻሩ የጥቂቶችን ጥፋት በሁሉ ላይ መጫን አደገኛ መሆኑን ታሪክ ያስረዳል። ትምህርት ቤትና መንገድ ለመሥራት በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር፣ በ1959 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ቦምብ ከፈነዳ በኋላ ተዘጋ። መቶ አለቃ ማሞ መዘምር በሞት ተቀጣ፤ በጄኔራል ታደሰ ብሩ ላይ የተፈረደው ሞትም ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ቦምብ ያልነካው አባል ሁሉ ማኅበሩን አጣ።

ስለሆነም ልዩነቱ ኃላፊነቱ ከየት መጣ በሚለው ላይ ነው። ከላይ የተጫነ የወል ቅጣት ግፍ ነው፤ ወገን በፈቃዱ የሚሸከመው ዕዳ ግን ዕርቅ ነው። መግለጫ የሚጻፈው ለአደባባይ ነው፤ ጉማ የሚቀርበው ለሟች ወገን ነው። ግንባሩም ሆነ ጦሩ፣ እንዲሁም በዚያው ምድር በግድያ የሚከሰሰው የመንግሥት ኃይል፣ ስማቸው እንዲነጻ ቢሹ መንገዱን የወለጋ ሽማግሌዎች ያውቁታል፤ የመጀመሪያው እርምጃም እውነቱን ማመን ነው።