ስለ ጣይቱ ሆቴል የሕንፃ ሥራ

ስለ ሕንፃ ጥበብ ሲነሣ አብያተ ክርስቲያናትና አብያተ መንግሥት ይወሳሉ እንጂ፣ እንግዳ የሚበላበትና የሚጠጣበት ቤት ከቁም ነገር ሲቆጠር እምብዛም አይታይም። እኛ ግን በአዲስ አበባ፣ በፒያሳ የሚገኘው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ሊመረመር የሚገባው ሥራ ነው እንላለን።

እቴጌ ጣይቱ ብጡል በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሆቴሉን ባቋቋሙ ጊዜ፣ ከፍሎ መብላት ለመኳንንቱ እንግዳ ነገር ነበር። ማዕድ የሚቀርበው ለተጋበዘና ለእግዜር እንግዳ ነበርና። ስለዚህ የሕንፃው ፈተና ግድግዳና ጣራ ማቆም ብቻ ሳይሆን፣ ሒሳብ የሚከፍለው ሰው ክብሩ ሳይነካ እንደ ተጋባዥ እንዲስተናገድ ማድረግም ነበር።

ሕንፃውም ይህን ፈጽሟል። ሰፊው የእንጨት በረንዳ በደጅና በእልፍኝ መካከል ነው፤ በዚያ የተቀመጠ ሰው ከመንገዱም አልተለየ፣ ከቤቱም አልወጣ። ወደ ውስጥ ሲዘለቅ የሚታየው ሰፊ የእንጨት ደረጃ ደግሞ እንግዳው ሳይጋፋና ሳይቸኩል፣ እንደ ባለማዕረግ እንዲወጣ ያደርገዋል።

ጉድለቱንም አንሸሽግም። ለቤቱ ሞገስ የሰጠው እንጨት ለእሳት ቀለብ መሆኑ፣ በጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በደረሰው ቃጠሎ ታይቷል። ይሁን እንጂ መፍትሔው እንጨቱን በሲሚንቶ መተካት አይደለም፤ የኤሌክትሪክ መስመሩን መጠበቅና የእሳት ማጥፊያ ማዘጋጀት ነው። በረንዳውና ደረጃው ከጠፉ የሚቀረው ስሙ ብቻ ይሆናል።

በዳሞት ወይዴ ወረዳ ዋና ከተማ፣ በበዴሳ ሆነን ይህን መጻፋችን ያለ ምክንያት አይደለም። በየከተማው የእንግዳ ማረፊያ ለመሥራት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ስለ ክፍሎቹ ብዛትና ስለ መስተዋቱ ብልጭታ ነው። እንግዳው ግን ከመንገድ በቀጥታ ከሒሳብ ተቀባዩ ፊት ይገተራል። ከፍ ብሎ በሣር የተከደነው የወላይታ ባህላዊ ቤት ግን እንግዳን ሰብስቦ በአንድ ጣራ ሥር ያስተናግዳል። የጣይቱን ሆቴል መልክ እንዳለ ቅዱ አንልም። ቤት ሠሪዎቻችን ከቁልፍና ከክፍያ በፊት፣ እንግዳው አረፍ የሚልበትን ስፍራ በንድፉ ላይ ያስቀድሙ እንላለን።