የአንድ ቀን ናይሮቢ፦ እንግዳው ምን ያያል? አስተናጋጁስ ምን ያሳያል?

ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በአውሮፕላን የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ለስብሰባ፣ ለንግድ፣ ለሕክምና፣ ዘመድ ለመጠየቅ ወይም ወደ ሌላ አገር ለመሻገር የሚመጣው ኢትዮጵያዊ እንግዳ ከጉዳዩ የሚተርፈው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ነው። ያችን ቀን እንዴት ይጠቀምባታል? ጥያቄው ተራ ይመስላል። መልሱ ሲመረመር ግን ስለ ከተማይቱ ብቻ ሳይሆን ስለ እንግዳው፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ እንግዳውን ተቀብሎ ስለሚያዞረው የናይሮቢ ነዋሪ ብዙ ይናገራል።

«የአንድ ቀን ናይሮቢ» ዛሬ ራሱን የቻለ ድርሰት ሆኗል ቢባል ማጋነን አይሆንም። መግቢያው ብሔራዊ ፓርኩ ነው፤ ረፋዱ ላይ የቀጭኔዎች ማዕከል ይከተላል፤ ከሰዓት በኋላ የካረን ብሊክሰን ሙዚየም ይመጣል፤ መደምደሚያው የተጠበሰ ሥጋ ነው። እንደማንኛውም ድርሰት መርጦ የሚያሳየው፣ አውቆም የሚተወው ነገር አለው። ስለዚህ እንደ ድርሰት ሊመዘን ይገባዋል።

በጎ ጎኑን ማስቀደም ፍትሐዊ ነው። ብሔራዊ ፓርኩ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1946 ሲሆን፣ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ስፋት ይዞ ከመሐል ከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። በስድስት ኪሎ አንበሳን በፍርግርግ ውስጥ አይቶ ላደገ የአዲስ አበባ ልጅ፣ አውራሪስ በነጻ ሜዳ ሲግጥ፣ ከበስተጀርባውም ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች ቆመው ማየት የሚረሳ ነገር አይደለም። ይህን የሚነቅፍ ሰው ነቀፌታው ከቅንነት የመጣ አይሆንም።

ድርሰቱ የሚነቀፈው እንስሳቱን በማሳየቱ ሳይሆን በእንስሳቱ መሐል የሚያስገባው ብቸኛ የሰው ታሪክ የአንዲት ባለ እርሻ ታሪክ በመሆኑ ነው። ዴንማርካዊቷ ካረን ብሊክሰን በንጎንግ ተራሮች ግርጌ ቡና ስታለማ ኖራ በ1931 ከስራ ወደ አገሯ ተመለሰች። በ1937 ያሳተመችው መጽሐፍና በ1985 የተሠራበት ፊልም ያንን ቤት በዓለም የታወቀ አደረጉት። ጎብኚው የቤቱን ዕቃ፣ የበረንዳውን ውበት፣ የተራሮቹን መልክ አይቶ ይወጣል። መሬቱ ከመወሰዱ በፊት የማን እንደነበረ፣ በእርሻው ላይ በጉልበታቸው ይሠሩ የነበሩት ኪኩዩዎች ስለዚያ ዘመን ምን እንደሚሉ ከዚያ በረንዳ ሆኖ መስማት ያዳግታል። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ (1938–2025) ደራሲዋ ለአፍሪካውያን አገልጋዮቿ የነበራት ፍቅር ሰው ለውሻው ከሚሰጠው ፍቅር እንደማይለይ በመግለጽ አጥብቆ የነቀፋት ያለ ምክንያት አይደለም።

ኢትዮጵያዊው እንግዳ በዚህ ቤት ውስጥ ሌላ የሚጠይቀው ነገር ሊኖረው በተገባ ነበር፤ ይኸውም ቡናው ነው። ቡና ከጎረቤት ኢትዮጵያ ወደ ኬንያ ድንበር ተሻግሮ በቀጥታ አልመጣም። በ1893 ሚሲዮናውያን ከሬዩንዮን ደሴት ይዘውት የመጡት፣ ባሕር ዞሮ የተመለሰ ዘመድ ነው። በቅኝ ግዛቱ ዘመን ለረጅም ጊዜ አፍሪካዊው ገበሬ በገዛ አገሩ ቡና እንዳይተክል ተከልክሎ ነበር። ቡናን ከደጁ ለቅሞ፣ ቆልቶና አፍልቶ ለሚጠጣ ሕዝብ ልጅ ከዚህ የበለጠ ስለ ቅኝ ግዛት የሚያስረዳ ምሳሌ ከየት ይገኛል?

ከዚህ ከተለመደው ዙር ጎን ለጎን ደግሞ አንድ ሁለተኛ ድርሰት አለ። እርሱን የጻፈው የእኛው ማኅበረሰብ ነው። እንግዳው ከአውሮፕላን ማረፊያ ይወሰድና ሐበሻ ምግብ ቤት ይገባል፤ ክትፎው እንደ አዲስ አበባው ነው አይደለም ተብሎ ክርክር ይነሣል፤ ቀጥሎ ኢስሊ ለልብስና ለጨርቅ፤ ከዚያ አንድ ትልቅ የገበያ አዳራሽ፤ ከዚያ ስንብት። በመስተንግዶው ፍቅር አለ፤ ያንን ማንም አይክድም። ይሁን እንጂ እንግዳው ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ ገብቶ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ ማለት ነው። የመጀመሪያው ድርሰት ከተማይቱን በእንስሳት ሲተካት፣ ይህኛው ደግሞ በእንጀራ ይተካታል።

ከ2022 ወዲህ መንገዱም ለዚህ አመቺ ሆኗል። ከምሎሎንጎ እስከ ዌስትላንድስ 27 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋው ባለክፍያ የፍጥነት መንገድ መኪናውን በአየር ላይ አንሥቶ ያሳልፈዋል። ቀድሞ በመኪና መጨናነቅ ውስጥ ሆኖ ሳይወድ በግድ የከተማይቱን ፊት ያይ የነበረ መንገደኛ ዛሬ ከበላይዋ በሮ ያልፋል። ጊዜ ተረፈ፤ ከተማይቱ ግን አመለጠች።

ታዲያ በአንድ ቀን ምን ይደረግ? «ጊዜው አጭር ነው» የሚለው ሰበብ ብዙ አያስኬድም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን የጎበኙት ለጥቂት ሳምንታት ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ግን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን መጽሐፍ ለአገራቸው ሰው አቀረቡ። የጊዜ ማጠር ሳይሆን የዓይን መበታተን ነው ጉብኝትን የሚያመክነው። አሥር ቦታ ከመንካት አንድ ጎዳና አጥርቶ ማንበብ ይሻላል።

እንዲህ ያለ ጎዳና ደግሞ አለ፤ ስሙም ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። ኃይለ ሥላሴ ጎዳና በቅኝ ግዛት ዘመን ኋይትሃውስ መንገድ ይባል ነበር፤ የዩጋንዳን የባቡር ሐዲድ ሥራ በዋና መሐንዲስነት የመራው የጆርጅ ኋይትሃውስ መታሰቢያ ነበር። ከነጻነት በኋላ የደላሜር ጎዳና በኬንያታ፣ የቪክቶሪያ መንገድ በቶም ምቦያ ሲተካ፣ የመሐንዲሱም ስም በንጉሠ ነገሥቱ ስም ተተካ። በአዲስ አበባም በጆሞ ኬንያታ የተሰየመ ጎዳና አለ። ስም ለስም የተደረገ የወንድማማች ልውውጥ ነው።

ጉዞው ከኡሁሩ ሀይዌይ ማቋረጫ ይጀመር። በስተሰሜን ኡሁሩ ፓርክ ይታያል። በ1989 መንግሥት በዚያ ሜዳ ላይ 60 ፎቅ ያለው ሕንፃ ሊያቆም ሲነሣ ዋንጋሪ ማታይ ተቃውማ አስቀረችው። በ1992 የፖለቲካ እስረኞች እናቶች ልጆቻቸው እንዲፈቱ የረሀብ አድማ የመቱት በዚሁ ፓርክ ማዕዘን ነው። ማታይ በ2004 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ስትቀበል ዓለም የሰማው የዛፍ ተከላዋን ነው፤ ናይሮቢ ግን ያችን ሜዳ ጭምር ታስታውሳለች።

ወደ ምሥራቅ ሲዘለቅ በደቡብ በኩል በ1971 የተከፈተው የባቡር ሙዚየም ይገኛል። ከቆሙት ፉርጎዎች አንዱ በ1900 ኪማ በተባለ ጣቢያ የፖሊስ መኮንኑ ራያል የተነጠቀበት ነው። መኮንኑ ሰው በላውን አንበሳ ሊገድል አድፍጦ ሳለ እንቅልፍ ወሰደው፤ አንበሳውም ገብቶ ጎትቶ ወሰደው። በፓርኩ አንበሳ ያላየ እንግዳ የአንበሳውን ታሪክ እዚህ ያገኛል። ትንሽ አለፍ ሲል በሰሜን በኩል የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ፣ ከእርሱም ብዙ ሳይርቅ ወጣቶች በሰኔ 2024 የግብር ሕጉን ተቃውመው የገቡበት ፓርላማ ይገኛል።

አሮጌው የባቡር ጣቢያ ላይ ጥቂት መቆም ተገቢ ነው፤ ከተማይቱ የተወለደችው በዚያ ነውና። ሐዲዱ በ1899 ሲደርስ በሥፍራው የነበረው ማሳዮች «ቀዝቃዛ ውኃ» ብለው የሚጠሩት ረግረግ ነበር፤ ናይሮቢ የሚለው ስም ከዚያ ወጣ። እቴጌ ጣይቱ በ1886 አዲስ አበባን የቆረቆሩት ደግሞ በፍል ውኃ አጠገብ ነው። አንዲቱ ከፍል ውኃ፣ ሌላይቱ ከቀዝቃዛ ውኃ፤ በ13 ዓመት የሚበላለጡ ሁለት ወጣት ከተሞች። ልዩነታቸው ግን ጥልቅ ነው። በአዲስ አበባ ከተማው ቀድሞ ባቡሩ በ1917 ደረሰ፤ በናይሮቢ ባቡሩ ቀድሞ ከተማው ተከተለ። አንዱ ለነዋሪው ሲል መንገድ አስመጣ፤ ሌላው ለመንገዱ ሲባል ነዋሪ ሰበሰበ። ሐዲዱን ለመሥራት ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች ከሕንድ መምጣታቸውን ያወቀ ጎብኚ በየሱቁ የሚያየው ሕንዳዊ ፊት ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

ከጣቢያው ፊት ለፊት፣ ጎዳናው ከሞይ ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን፣ የነሐሴ 1998 የመታሰቢያ ሥፍራ አለ። የአሜሪካ ኤምባሲ በፈንጂ የተመታው እዚህ ነበር። በናይሮቢ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ አብዛኞቹ ኬንያውያን ነበሩ፤ ከእነርሱም ውስጥ አጠገቡ በተደረመሰው ኡፉንዲ ሕንፃ የጸሐፊነት ሙያ ይማሩ የነበሩ ይገኙባቸዋል። በግድግዳው ላይ የተጻፉትን ስሞች አንድ በአንድ ማንበብ ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜው ግን የባከነ አይደለም። ጎዳናው በመጨረሻ ሙቱርዋ ገበያ ሲደርስ፣ በባቡር ሠራተኞች ጥንታዊ ሰፈር ውስጥ ዛሬ ሽንኩርትና የልባሽ ጨርቅ ይሸጣል፤ የማታቱ ረዳቶችም ተሳፋሪ ይጣራሉ።

ይህ ምርጫ እንከን የለውም ማለት አይደለም። ጎዳናው አቧራና ጩኸት አለበት፤ ለዓይን የሚያምር ነገር እምብዛም የለውም። ስልክና ቦርሳን ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ በቀን መሄድ፣ በተለይ ወደ ሙቱርዋ ከሚያውቅ ሰው ጋር መዝለቅ ግድ ነው። ነገር ግን ከአንድ ሰዓት በታች በሚያስሄድ መንገድ ላይ ቅኝ ግዛት፣ ነጻነት፣ ሽብር፣ ተቃውሞና የዕለት እንጀራ ተሰልፈው የሚገኙበት ሌላ ሥፍራ በከተማይቱ ማግኘት ያዳግታል።

በዚህ ሁሉ መሐል ወሳኙ ሰው አስተናጋጁ ነው። አስተናጋጁ ያላየውን ማሳየት አይችልም። ለብዙ ኢትዮጵያውያን ናይሮቢ የመጠበቂያ ክፍል ነበረች፤ ዛሬም ለብዙዎች እንደዚያው ናት። በስደት የመጣው ሰው ወደ ሦስተኛ አገር የሚያሻግረውን ደብዳቤ ሲጠብቅ አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት ይሞላዋል። ሻንጣውን ስላልፈታ ከተማይቱን እንደ ከተማው አይቆጥራትም። ስዋሂሊውም ከገበያ ዋጋ አያልፍም። አሥር ዓመት የኖረው ሰው በእውነቱ ሲታይ የአንድ ቀን ጎብኚ ነው፤ ቀኑ ብቻ ረዘመበት። ይህን እንደ ጥፋት መቁጠር ጭካኔ ይሆናል፤ እንደ ጉዳት አለመቁጠር ግን እውነትን መሸሽ ነው።

ለዚህ ሰው እንግዳ መምጣቱ ዕድል ነው። ሌላውን ለማዞር ሲል እርሱ ራሱ ይዞራል። ያን ጊዜ ባዕድ የመሰለው ነገር ዘመድ ሆኖ ይገኛል። የስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓቱን የሚቆጥረው ልክ እንደ ሐበሻ ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ነው፤ «ሳአ ሞጃ» ሲል ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ማለቱ ነው። የቃላቱም ዝምድና እንዲሁ ነው፤ ሳሙና በስዋሂሊ «ሳቡኒ»፣ በረከት ደግሞ «ባራካ» ነው።

ኬንያውያን «ሀራካ ሀራካ ሀይና ባራካ» ይላሉ፤ በጥድፊያ ውስጥ በረከት የለም ማለት ነው። የአማርኛው ተረት ደግሞ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይመካከሩ የተስማሙበትን ምክር የአንድ ቀን እንግዳም፣ የአሥር ዓመት እንግዳም ቢሰሙት አይጎዳቸውም።