በአሜሪካ ስታዲየሞች ለዘማቾች ስለሚነገረው የምስጋና ቃል

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር ከአንድ ደቂቃ የበለጠ ጊዜ አይፈጅም። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የቤዝቦል ወይም የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ፥ ጨዋታው ጋብ ባለበት ሰዓት ካሜራው ከሜዳው ይነሣና በተመልካቹ መካከል በቆመ አንድ ሰው ላይ ያርፋል። ሰውየው ዘማች ነው፤ ወይ የወታደር ልብስ ለብሷል፥ ወይ የዘመተበት ጦርነት ስም የተጻፈበት ቆብ ደፍቷል። ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ጋዜጠኛ ድምፁን ዝቅ ያደርግና ስሙንና ማዕርጉን፥ ስንት ጊዜም እንደ ዘመተ ይናገራል፤ ስለ አገልግሎቱም ያመሰግነዋል። ሕዝቡ ተነሥቶ ያጨበጭባል፤ ዘማቹ እጁን ያነሣል፤ ጨዋታውም ይቀጥላል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።)

ይህን የምስጋና ቃል እንደ አንድ የንግግር ዐይነት ቈጥረን ለመተቸት የተነሣነው ዘማች ሊመሰገን አይገባም ብለን አይደለም። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ ይኸውም በዚህ ቃል የሚመሰገነው እዚያ የቆመው ሰው ነው ወይስ «ዘማች» የሚባል መልክ የሌለው ሐሳብ ነው? የሚል ነው።

ይኸው ጋዜጠኛ ጥቂት ቀደም ብሎ ስለ አንድ ተጫዋች ሲናገር ያደመጠ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይሰማዋል። ተጫዋቹ በየትኛው ከተማ እንዳደገ፥ በየትኛው ኮሌጅ እንደ ተጫወተ፥ የጕልበቱ ጅማት መቼ ተበጥሶ እንደ ተጠገነ፥ ከዚያም ወዲህ ወደ ግራ ሲታጠፍ ለምን እንደሚያመነታ፥ ይህን ሁሉ በ15 ሰከንድ ይነግረናል። ሙያው ይህ ነው፤ እኛም እናደንቀዋለን። ወደ ዘማቹ ሲዞር ግን ይህ ሁሉ ሙያ ይከዳዋል። ኢራቅ ሁለት ጊዜ፥ አፍጋኒስታን አንድ ጊዜ ይባላል፤ ያበቃል። ኢራቅ ውስጥ የት? ሾፌር ነበር? ሐኪም ነበር? ድልድይ ሠሪ ነበር? አብረውት ከሄዱት መካከል ማን ሳይመለስ ቀረ? እርሱስ ስለ ዘመተበት ጦርነት ዛሬ ምን ያስባል? በተለይ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ሲነሣ ሰምተን አናውቅም።

ስለዚህ ጕዳይ ስንወያይ ከመካከላችን አንዱ፥ በአንድ ደቂቃ የጦርነት ታሪክ ሊነገር አይችልምና ፍርዳችሁ ከብዷል ሲል ተቃውሞን ነበር። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ነገር ግን የአንድ ጕልበት ታሪክ በ15 ሰከንድ ከተነገረ፥ የአንድ ሰው የአንድ ቀን ውሎ በ40 ሰከንድ የማይነገርበት ምክንያት አይታየንም። የጐደለው ጊዜ ሳይሆን ዝግጅት ነው። ስለ ተጫዋቹ ሳምንቱን ሙሉ ሲጠና ይሰነበታል፤ ስለ ዘማቹ ግን በብጣሽ ወረቀት ላይ የተጻፈ ሁለት መስመር ቢነበብ ይበቃል ተብሎ ይታሰባል።

የአገራችንን ፉከራ የሚያውቅ አንባቢ ሌላም ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በፉከራ የሚናገረው ዘማቹ ራሱ ነው። በፈረሱ ስም ራሱን ጠርቶ፥ የዋለበትን ሜዳ ጠቅሶ፥ የሠራውን ይናገራል። ማጋነኑ አይቀርም፤ ግን አብሮት የዋለው ሰው እዚያው ተቀምጦ ስለሚሰማው፥ ባልዋለበት ሜዳ ዋልሁ ለማለት አፉን ይይዘዋል። በስታዲየሙ ግን ሁሉም ሲናገር፥ ሁሉም ሲያጨበጭብ፥ ዝም የሚለው ዘማቹ ብቻ ነው። ይህን ስንል ፉከራ ወደ አሜሪካ ይሻገር ማለታችን አይደለም፤ ባለ ታሪኩ ድምፅ የሌለው መሆኑን ለማሳየት ያህል ነው።

የጨዋታና የጦር ሰው መገናኘት አዲስ አይደለም። ሴፕቴምበር 5 ቀን 1918 ቺካጎ ላይ የቦስተንና የቺካጎ ቡድኖች ለቤዝቦል ሻምፒዮናነት ሲጋጠሙ፥ በሰባተኛው ዙር እረፍት የሙዚቃው ጓድ በ1931 በሕግ ብሔራዊ መዝሙር የሆነውን ዜማ መታ። ከባሕር ኃይል ፈቃድ አግኝቶ ይጫወት የነበረው ፍሬድ ቶማስ ወደ ሰንደቅ ዓላማው ዞሮ እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጠ፤ ሕዝቡም ተቀብሎ ዘመረ። የቤዝቦል ጨዋታ በራዲዮ መተላለፍ የጀመረው በ1921 ነውና፥ በዚያን ቀን ነገሩን የሚያብራራ ጋዜጠኛ አልነበረም። የጐደለውም ነገር ያለ አይመስለንም። በጃንዋሪ 1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት በተጀመረ በዐሥረኛው ቀን ታምፓ ላይ በተደረገው የአሜሪካ እግር ኳስ ፍጻሜ ግን ሁኔታው ተለውጦ ነበር፤ ኤ ቢ ሲ የተባለው ጣቢያ በእረፍቱ ሰዓት ትርኢቱን ትቶ በፒተር ጄኒንግስ የሚነበብ የጦርነት ዜና አስተላለፈ። ጨዋታና ጦርነት በአንድ ሥርጭት ውስጥ ጐን ለጐን ተቀመጡ ማለት ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በኖቬምበር 2015 ጆን ማኬይንና ጄፍ ፍሌክ የተባሉት የአሪዞና ሴናተሮች አንድ ሪፖርት አወጡ። ከስፖርት ቡድኖች ጋር ከተደረጉት የመከላከያ ሚኒስቴር ውሎች 122ቱ ተመርምረው፥ በ72ቱ ውስጥ ወታደሮችን በሜዳ ላይ ማክበር፥ ሰንደቅ ዓላማ መዘርጋትና ይህን የመሳሰለው ሥነ ሥርዐት በዋጋ የተገዛ ሆኖ ተገኘ። ከ2012 ጀምሮ ለዚህ የወጣው ገንዘብ 6.8 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ምክንያት ሆኖ የቀረበው ለውትድርና ምልመላ ይረዳል የሚል ነው። በሚቀጥለው ዓመት የእግር ኳሱ ሊግ 723,734 ዶላር ለመንግሥት እንደሚመልስ አስታወቀ።

ገንዘቡን የተቀበሉት ቡድኖቹ እንጂ ጋዜጠኞቹ ስላልሆኑ፥ በዚህ ረገድ እነርሱን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። እኛን ያስገረመን ሌላ ነው። ሪፖርቱ እስኪወጣ ድረስ የተገዛውን ምስጋና ካልተገዛው የለየ አድማጭ አልነበረም ለማለት ይቻላል፤ በጆሮ የሚለይበት ምልክት አልነበረውማ! ከልብ የመነጨው ቃልና በውል የታዘዘው ቃል አንድ ዐይነት ከሆኑ፥ ይህ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ይነግረናል። ባለቤቱን የማያውቅ ቃል ለማንም ሊሸጥ ይችላል።

ይሁን እንጂ ከዚህ የተለየ ሥራ የሠሩ ጋዜጠኞች መኖራቸውን ሳንመሰክር ማለፍ አይገባም። ከ1950 እስከ 2016 የዶጀርስን ጨዋታዎች ያስተላለፈው ቪን ስከሊ በባሕር ኃይል ያገለገለ ሰው ነበር። ጨዋታው ጁን 6 ቀን ላይ ሲውል፥ በ1944 በዚያው ቀን በኖርማንዲ ዳርቻ የሆነውን በኳሶቹ መካከል ይተርክ ነበር፤ ኳሱ ሲወረወር ትረካውን ቈርጦ ውጤቱን ይናገራል፥ ከዚያም ካቆመበት ይቀጥላል። ድምፁ ለጦርነቱ አይለወጥም። ሁለቱንም በአንድ ዐይነት ጥንቃቄ ስለሚናገር አድማጩ አጨብጭብ አይባልም፤ አድምጥ ነው የሚባለው። የሴንት ሉዊሱ ጃክ ባክ ደግሞ በማርች 1945 ጀርመን አገር ሬማገን አጠገብ የቈሰለ ዘማች ነው። የመስከረሙ አደጋ ከደረሰ በኋላ ሴፕቴምበር 17 ቀን 2001 ጨዋታ ሲጀመር፥ በሕመም ምክንያት እየተንቀጠቀጠ ሜዳ ላይ ቆሞ ራሱ የጻፈውን ግጥም አነበበ። ግጥሙን በግጥምነቱ ብንመዝነው ከፍ ያለ ማዕርግ አንሰጠውም። ሆኖም ስለ ጦርነት የሚናገረው ሰው ምን እንደሚናገር ያውቅ ነበር፤ ስለ ገዛ ቍስሉም በግጥሙ ውስጥ አንድ ቃል አላስገባም።

አጠቃላይ የሆነ ቃል ከሚያስከትለው ጕዳት ሁሉ የከበደው በፓት ቲልማን ላይ የደረሰው ይመስለናል። ቲልማን የአሪዞና ካርዲናልስ ተጫዋች ነበር፤ በ2002 የ3.6 ሚሊዮን ዶላር ውል ትቶ ከወንድሙ ከኬቪን ጋር ወደ ጦር ሠራዊት ገባ። ኤፕሪል 22 ቀን 2004 አፍጋኒስታን ውስጥ ተገደለ። በጠላት ጥይት እንደ ሞተ ተነገረ፤ የስፖርት ጋዜጠኞችም ይህንኑ እያስተጋቡ አመሰገኑት። ሜይ 3 ቀን ሳን ሆዜ ላይ የተደረገው የመታሰቢያ ሥነ ሥርዐት በስፖርት ቴሌቪዥን ለአገሩ ሁሉ ተላለፈ። ከዚያ 4 ቀን ቀደም ብሎ፥ ኤፕሪል 29፥ ጄኔራል ማክሪስታል ቲልማን የተገደለው በወገን ጥይት ሳይሆን እንዳልቀረ ለበላዮቹ ጽፎ ነበር። ለሕዝብ የተገለጸው ግን በሜይ መጨረሻ ነው። በ2007 እናቱና ወንድሙ ኬቪን በምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ስለ መታለላቸው መሰከሩ።

ጋዜጠኞቹ ያልተነገራቸውን ሊያውቁ አይችሉም ነበር፤ ይህን እንቀበላለን። በዚያ በመታሰቢያው ቀን ግን ታናሽ ወንድሙ ሪቻርድ ተነሥቶ፥ ስለ ሰማያዊ ዕረፍት ሲነገር ለቈየው ጉባኤ፥ ፓት ሃይማኖተኛ እንዳልነበረ በግልጽ ተናግሯል። በዚያን ዕለት ስለ ሟቹ ከተነገረው ሁሉ የተለየው ይህ ነው፤ ደስ የማያሰኝ፥ ግን የአንድ የታወቀ ሰው ጠባይ ነው። ለጀግና የተዘጋጀው ቃል ይህን የሚያስገባበት ቦታ አልነበረውም፤ ከአንድ ወር በኋላ የመጣውንም እውነት ለማስገባት የተቸገረው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለ አሟሟቱ ከታወቀም በኋላ «ሕይወቱን ለአገሩ ሰጠ» በሚል ብቻ የሚያበቃ ምስጋና ሰምተናል። ቤተሰቡ እውነቱን ለማግኘት ሦስት ዓመት የደከመበት ነገር ከዚያ ቃል ውስጥ የለም።

ግሌንዴል በሚገኘው የካርዲናልስ ስታዲየም ደጅ የቲልማን የነሐስ ሐውልት ቆሟል። ካሜራው ከጨዋታው በፊት በሐውልቱ ላይ ሲያልፍ ጋዜጠኛው ዐሥር ሰከንድ ያህል ጊዜ አለው። «በወገን ጥይት» ለማለት አንድ ሰከንድ ይበቃል።