የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ሸክላዎችና የቀረው ሥራ

የአንድ ደራሲ የፒያኖ ሥራዎች በሙሉ ሲቀረጹ ትልቁን ጥቅም የሚያገኘው ጥናት ነው። ፈረንሳዊውን ሞሪስ ራቬልን ለምሳሌ ብንወስድ፥ ከራሱ ከደራሲው ዘንድ ሥራዎቹን ያጠናው ቭላዶ ፔርልሙተር በ1950ዎቹ ቀርጿቸዋል፤ በ1970ዎቹም ደግሟቸዋል። ሮቤር ካዛድሱስም የበኩሉን ቀርጿል። እነዚህን እያስተያየ የሚሰማ ሰው የደራሲውን ከተጫዋቹ ለይቶ ማወቅ ይችላል።

ለእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ (1923–2023 እ.ኤ.አ.) ግን ይህ ገና አልተደረገም። በ1960ዎቹ በጀርመን አገር የታተሙት ሸክላዎች፥ በ2006 ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ«ኢትዮፒክስ» 21ኛ ቅጽ ያሰባሰባቸው፥ በ2024 የወጡትም በቤታቸው የተቀረጹ መዝሙሮች፥ ሁሉም የእሳቸው የራሳቸው አጨዋወት ናቸው። በመጨረሻዎቹ ውስጥ የወፎች ድምፅና የወንበሩ ሲጥታ ሳይቀር ይሰማል። ውበቱን አንክድም፤ ነገር ግን ድርሰቱና እጃቸው አንድ ሆነው ስለቀሩ ለመመርመር ያስቸግራል።

የውጭ አገር ሐያሲያን እማሆይን ከሳቲ ወይም ከብሉዝ ጋር ያመሳስሏቸዋል። በስዊስና በካይሮ ቫዮሊን ስለተማሩ በግራ እጃቸው የአውሮፓ ቫልስ መሰማቱ እውነት ነው። ቀኝ እጃቸው ግን ሌላ ሕግ ይከተላል። በቅርቡ ዘነበወርቅ በአንድ ጓደኛችን ክፍል ተሰብስበን «ቤት አልባው ተንከራታች» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለውን ሥራ ደጋግመን ሰማን። ከመካከላችን አንዱ በጣቱ ምት ሊቆጥር ቢሞክር ወዲያው ጠፋበት፤ ዲቁና የተማረው ግን እስትንፋሱን እየጠበቀ አብሮ አንጎራጎረ። እኛም ነገሩ የገባን ያን ጊዜ ነው፤ ቅዱስ ያሬድን ያጠኑት እማሆይ የሚጫወቱት በቁጥር ሳይሆን በእስትንፋስ ነው።

እንግዲህ አስጊው ነገር ይህ ነው። በ2013 የታተመው የኖታ መጽሐፍ ድምፆቹን ያስተምራል፤ በድምፆቹ መካከል ያለውን መዘግየት ግን ወረቀት በሙሉ ሊይዘው አይችልም። ኖታውን ብቻ ይዞ የሚነሣ ተጫዋች ዜማውን ወደ ደረቅ ቫልስ እንዳይለውጠው እንፈራለን። ስለዚህ ፒያኖንም ዜማንም የሚያውቁ ኢትዮጵያውያን ሥራዎቹን በሙሉ እንዲቀርጹ፥ የእማሆይም ቅጂዎች በየዓመታቸው ተለይተው ከጎን እንዲቀመጡ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ እሳቸውን ማድነቅ ብቻ ሳይሆን ከእሳቸው መማርም እንችላለን።