የቼስትነት ችግኝ ለሚያፈሉ እጆች

እ.ኤ.አ. በ1904 ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ የአራዊት ፓርክ ውስጥ የታየ የፈንገስ በሽታ በግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በቢሊዮን የሚቆጠሩ የአሜሪካ ቼስትነት ዛፎችን ጨረሰ። በሽታውን ከሚቋቋመው የቻይና ቼስትነት ጋር እያዳቀሉ ዛፉን ለመመለስ የሚደክሙ አሉ። ከሁሉም የማደንቀው ግን ችግኝ አፍዮቹን ነው።

የቼስትነት ፍሬ እንደ ስንዴ ጎተራ ውስጥ አይከርምም። ከደረቀ ይሞታል፤ ውሃ ከበዛበት ይሻግታል። ስለዚህ በመጠኑ በረጠበ ሰጋቱራ ተሸፍኖ ሁለት ሦስት ወር ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል። ሥሩ ብቅ ሲል ወደ ታች አዙረው ጥልቅ መያዣ ውስጥ ይተክሉታል፤ ዋናው ሥር እንዳይጠማዘዝ። ሽኮኮም አለ! ያለ ሽቦ መከለያ የዘራ ሰው ብዙም አይተርፍለትም።

የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እንዲያ ተንከባክበው ያሳደጉትን ችግኝ የትኛው በሽታውን እንደሚቋቋም ለማየት ራሳቸው በፈንገሱ ይበክሉታል። አብዛኛው ይነቀላል፤ ለቀጣዩ ማዳቀል የሚቀረው ጥቂቱ ነው። ችግኙ ከመነሻው ኮስማና ከሆነ ግን ድክመቱ ከዘሩ ይሁን ከአያያዙ ማን ይለያል? ጎበዝ ችግኝ አፍይ በሌለበት የአዳቃዩ ምርጫ ግምት ብቻ ነው።