የኦርግ ሞድ ውለታ

የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ካርስተን ዶሚኒክ በ2003 እ.ኤ.አ. ኦርግ ሞድን ኢማክስ ለተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም የሠራው ማስታወሻና ዕቅድ ለማደራጀት ነበር። እኔ አብልጬ የማመሰግነው ግን ሰነድ የሚያወጣበትን መንገድ ነው። አንዱ ተራ ጽሑፍ ድረ ገጽም፣ ፒዲኤፍም ይሆናል። ማውጫው እንዲቀር፣ ርዕሶቹም ቁጥር እንዳይኖራቸው ከፈለግሁ ፋይሉ አናት ላይ አንዲት መስመር ትበቃኛለች። ለአማርኛ ጸሐፊማ ውለታው ይበልጣል፤ ፒዲኤፉን የሚያሰናዳውን ላቴክን በዚላቴክ ተክተው እንደ አቢሲኒካ ያለ የግዕዝ ፎንት ሲመርጡለት ፊደላችን በፒዲኤፉ ላይ ጥርት ብሎ ይወጣል። ይህ ሰነድ የማውጣት መንገድ ባይኖር ያንኑ ጽሑፍ ለድረ ገጽ አንድ፣ ለኅትመት ሌላ እያደረግን፣ አንዲቷን እርማት በየቅጂው ስንደጋግም እንኖር ነበር። ምርጫው ሁሉ ከጽሑፉ ጋር በዚያው ፋይል ስለሚቀመጥ ለባልደረባ ሲልኩትም አብሮ ይሄዳል። ነፃ ሶፍትዌር ነውና፣ ብዙ የምትጽፉ ሁሉ ሞክሩት።