«አቅጣጫ ጠቋሚ» ወይስ «ስፍራ አመልካች»? በአንድ የመምረጫ መመሪያ ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ

በቢሾፍቱ ሐይቆች ዓሣ ለሚያሰግሩና በዱር በገደሉ ለሚጓዙ ሰዎች የእጅ ጂፒኤስ አመራረጥን የሚያስረዳ፣ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ አጭር መመሪያ እጃችን ገብቶ ተመልክተነዋል። ዓላማው የሚያስመሰግን፣ አማርኛውም በአመዛኙ የጠራ ነው። በተለይም «ኬክሮስ»ና «ኬንትሮስ» በቦታቸው መዋላቸው ደግ ሥራ ነው። «ኬክሮስ» በባሕረ ሐሳብ የዕለት 60ኛ እጅ፣ ማለትም 24 ደቂቃ፣ መሆኑ ይታወቃል፤ በጂኦግራፊ አዲስ ፍቺ ይዞ መለመዱ ነባር ቃል ለአዲስ ሙያ ሊያገለግል እንደሚችል ያስረዳል።

ሂሳችን የሚጀምረው ከመሣሪያው ስም ነው። ተርጓሚው ጂፒኤስን «አቅጣጫ ጠቋሚ» ብሎታል። ይህ ስም የሚገባው ለኮምፓስ ነው። ጂፒኤስ ከሳተላይቶች በሚደርሰው ምልክት የሚያሰላው ስፍራን ነው፤ አቅጣጫን የሚያውቀው ተሸካሚው ሲንቀሳቀስ ነው። በውስጡ ኮምፓስ የሌለው መሣሪያ በቆመ ታንኳ ላይ ፊት ወዴት እንደሆነ ሊያሳይ አይችልም። ገዢው ግን በስሙ ተማምኖ፣ ኮምፓስ ያለውን ከሌለው ሳይለይ ይገዛል። በበኩላችን «ስፍራ አመልካች» የተሻለ ይመስለናል፤ «ጂፒኤስ» ብሎ መተውም አያስነቅፍም።

ከዚህም የተነሣ «ሄዲንግ»ና «ቤሪንግ» ሁለቱም «አቅጣጫ» ተብለዋል። የመጀመሪያው ተጓዡ ፊቱን የመለሰበት፣ ሁለተኛው የሚፈልገው ነጥብ ያለበት ነው። ነፋስ ታንኳውን ሲያዞረው ሁለቱ ይለያያሉና «የፊት አቅጣጫ»ና «የመድረሻ አቅጣጫ» ቢባሉ ይሻላል። «ትራክ» ደግሞ «ሐዲድ» ተብሏል፤ «ዱካ» የሚል ቃል ያለው ቋንቋ ሐዲድ ባላስፈለገው ነበር።

ከሁሉ የከፋው «ማፕ ዳተም» «የካርታ መረጃ» መባሉ ነው። ተርጓሚውን ያሳሳተው «ዳተም» የ«ዳታ» ነጠላ ቁጥር መሆኑ ሳይሆን አይቀርም። በቅየሳ ሙያ ግን ቃሉ ኬክሮስና ኬንትሮስ የሚለኩበትን መነሻ ያመለክታል። የአገራችን ነባር የ1:50,000 ካርታዎች «አዲንዳን» የተባለውን መነሻ ይከተላሉ፤ ጂፒኤስ ካልቀየሩት በስተቀር የሚሠራው በ«ደብሊው ጂ ኤስ 84» ነው። የሁለቱ ልዩነት እዚህ ከ200 ሜትር ይበልጣል። መረብ የጣለ ሰው በራሱ መሣሪያ ምልክት አድርጎ በዚያው ቢመለስ ጉዳት የለውም፤ ከካርታ ያነበበውን ቁጥር ወደ መሣሪያው ሲያስገባ ግን ይሳሳታል። ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለውና ዳሩ ገደል በሆነው በቢሾፍቱ ሐይቅ 200 ሜትር የዳርና የመካከል ልዩነት ነው። «የካርታ መረጃ» የሚለውን ያነበበ ገዢ መሣሪያው መነሻ መቀየር የሚችል መሆኑን ለመጠየቅ እንኳ አያስብም። «የልኬት መነሻ» እንዲባል እናሳስባለን።

በመጨረሻም «ውሃ የማይበግረው» የሚለው አባባል ከልኩ ያለፈ ነው። በመመሪያው የተጠቀሰው «አይፒኤክስ 7» የሚያረጋግጠው መሣሪያው በ1 ሜትር ጥልቀት 30 ደቂቃ መቋቋሙን ብቻ ነው፤ መንሳፈፉን አያረጋግጥም። «ውሃ ተከላካይ»ና «ተንሳፋፊ» ተለይተው ሊጻፉ ይገባል።

እነዚህ ስሕተቶች የቋንቋ ችሎታ ማነስ ያመጣቸው አይደሉም፤ ቃሉ ሲተረጎም ነገሩ አለመታየቱ ያመጣቸው ናቸው። ተርጓሚው አንድ ቀን መሣሪያውን ይዞ ከአስጋሪዎቹ ጋር ታንኳ ላይ ቢውል ኖሮ አብዛኞቹን ራሱ ባረማቸው ነበር።